አውራ ጣት ቀድሞ ይውጣ

የቦውሊንግ ኳስ ቦይ ውስጥ ሲገባብዎ መጀመሪያ የሚወቅሱት ክንድዎን ነው አይደል? «ጉልበት አነሰኝ» ይላሉ። በሚቀጥለው ዙር ኳሱን አጥብቀው ጨብጠው፣ ትንፋሽዎን ሰብስበው፣ ከበፊቱ አስበልጠው ይወረውሩታል። እሱም ከበፊቱ ቀድሞ ቦይ ይገባል። እንግዲያው ደስ የሚል ወሬ ይዤልዎታለሁ፤ ጉልበትዎ ምንም አልሆነም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ኳሱ ከእጅዎ በሚወጣባት ቅጽበት ላይ ነው። እሷን ደግሞ ሃያ ዓመት የሞላውም፣ ጡረታ የወጣውም ማረም ይችላል።

ለምን እዚያች ቅጽበት ላይ ሙጭጭ እንደምል በቁጥር ላሳይዎት። ወርዋሪው እንዳያልፍ ከተከለከለው የፋውል መስመር እስከ መጀመሪያው ፒን ያለው ርቀት 60 ፊት ነው፤ ወደ 18 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። የሌይኑ ስፋት ግን ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ 39 ቀጫጭን ጣውላዎች ጎን ለጎን ተደርድረውበታል። ኳሱ ከእጅ ሲወጣ አቅጣጫው በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ ፒኖቹ ዘንድ ሲደርስ 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ስቷል። በሁለት ጎረቤት ፒኖች መካከል ያለው ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነውና አንዲት ዲግሪ አንድ ሙሉ ፒን ታስታለች።

ይህን ሰምተው እጅ አይስጡ። ስሌቱን ገልብጠው ይመልከቱት። ይህን ያህል ጥቂት ስህተት ይህን ያህል ካበላሸ፣ ጥቂት እርማትም የዚያኑ ያህል ያቃናል። ጡንቻ ለመገንባት ወራት ይፈልጋሉ። አውራ ጣትን ቀድሞ እንዲወጣ ለማስተማር ግን የሚያስፈልገው ትኩረትና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

ጥሩ አለቃቀቅ ምን ይመስላል? የቀኝ እጅ ተጫዋች እንደሆኑ አድርገን እንነጋገር፤ ግራኞች አቅጣጫውን ይገልብጡት። አውራ ጣት፣ መሐል ጣትና የቀለበት ጣት ቀዳዳዎቹ ውስጥ ናቸው። ክንድ ከኋላ ወደ ፊት ሲወርድና እጅ ቁርጭምጭሚት አጠገብ ሲደርስ አውራ ጣት ቀድሞ ይወጣል። ሁለቱ ጣቶች ለዓይን ጥቅሻ ያህል ኳሱን ብቻቸውን ተሸክመው ይቀራሉ፤ ሲወጡም ጎኑን ነክተው ያሽከረክሩታል። በቃ ይኸው ነው። ሽክርክሪቱ የሚመጣው ከዚህ የአወጣጥ ተራ ነው። እጅን መጠምዘዝ አያስፈልገውም።

ሽክርክሪቱ ደግሞ ያለ ምክንያት አይፈለግም። ሌይኑ ዘይት ይቀባል። ኳሱ በዘይቱ ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ፣ ዘይቱ ሲያልቅ ደረቁን ወለል ይይዝና ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሁክ የሚሉት ይህንኑ ነው። ታጥፎ የመጣ ኳስ በ1ኛውና በ3ኛው ፒን መካከል ባለው ፖኬት በሚባለው ክፍተት በሰያፍ ይገባል። ለስትራይክ፣ ማለትም ፒኖቹን ሁሉ በአንድ ውርወራ ለመጣል፣ ምቹ የሚባለው የመግቢያ ማዕዘን ወደ 6 ዲግሪ ይጠጋል። ከሌይኑ ጠርዝ ተነስቶ በቀጥታ የሚሄድ ኳስ ግን 2 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ በደንብ መትቶም ጥግ ላይ አንድ ፒን ቆሞ ሲስቅበት ያያሉ። ጀማሪ ከሆኑ በቀጥታ ይወርውሩ፤ ምንም ነውር የለበትም። የሚያስጨንቀው ቀጥ ብሎ መሄዱ አይደለም። በየዙሩ ሌላ መንገድ መያዙ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥፋት እንምጣ፤ ወደ ጭብጡ።

ትልቁ ኳስ 16 ፓውንድ ይመዝናል፤ 7 ኪሎ ከሩብ ገደማ ነው። ከባድ ነገር የያዘ ሰው እንዳይወድቅበት አጥብቆ መጨበጡ ተፈጥሮ ነው። ጣጣው ያለው የሚጨብጥ አውራ ጣት መታጠፉ ላይ ነው። የታጠፈ ጣት ከቀጥተኛ ቀዳዳ በጊዜው አይወጣም። ከሁለቱ ጣቶች ጋር እኩል፣ አንዳንዴም ከእነሱ ኋላ ይወጣል። ያኔ ኳሱ ወደ ላይ ተነስቶ ወለሉ ላይ ዷ ብሎ ያርፋል፤ ወይም እጁ ተጎትቶ በደረት ፊት ያልፍና ኳሱን ወደ ግራ ይወስደዋል። ተጫዋቹ «አነጣጠርኩ፣ እሱ ግን ወደ ግራ ሄደ» ይላል። ያነጣጠረው ልክ ነበር፤ ጣቱ ነው ያልለቀቀው።

ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ ጋሼ አውቃለሁ። ሐሙስ ማታ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ይጫወታሉ። አንድ ምሽት የእህታቸው ልጅ አብሯቸው መጣ። ልጁ ጨዋታውን በወጉ የሚያውቅ ነው፤ ጥቂት ዙር ዝም ብሎ ተመለከታቸው። ኳሱ በተወረወረ ቁጥር ዷ! ይላል። ቀጥሎ ግራ ቦይ።

«ጋሼ፣ እስቲ አውራ ጣትዎን ያሳዩኝ።»

«ጣቴ ምን አደረገህ? ኳሱን እይልኝ እንጂ።»

«ኳሱ ምንም አላጠፋም። ጣትዎን።»

እያጉረመረሙ ዘረጉለት። የጣቱ ሥጋማ ጎን ቀልቷል፤ ከኋላ በኩል መገጣጠሚያው ላይ ቆዳው ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ልጁ የጋሼን ጣት ይዞ ባዶውን ኳስ ቀዳዳ ውስጥ ከተተውና አዟዟረው። ጣቱ እንደ ልብ ይሽከረከራል፤ በዙሪያው ቦታ ተርፏል።

«ሰፍቶዎታል። ስለሰፋዎት ነው የሚጨብጡት፤ ስለጨበጡት ነው የማይለቅዎት።»

«ታዲያ የመረጥኩት እኮ ሰፊ ነው ብዬ ነው። እንዲወጣልኝ!»

ይህቺ የጋሼ መልስ የግማሹ ተጫዋች መልስ ናት። ሰፊ ቀዳዳ ቶሎ የሚለቅ ይመስላል፤ እጅ ግን ኳሱ ሊያመልጠው እንደሆነ ሲሰማው ሳያማክረን ይጨብጣል። ጣት የሚዝናናው ልኩን ሲያገኝ ነው፤ ዙሪያውን ቆዳውን ነክቶ፣ ሳያንቀው ሲያስገባውና ሲያስወጣው። ልጁ ከመደርደሪያው ሦስት ኳስ አንሥቶ ቀዳዳቸውን ሞከረና 12 ፓውንድ የሆነውን አመጣላቸው። በየአዳራሹ የሚከራዩት ኳሶች ክብደታቸው ሲቀንስ ቀዳዳቸውም አብሮ የመጥበብ ልማድ አለው። ጋሼ ወረወሩ። ኳሱ ሳይጮህ ወለሉን ነካና ሄደ። 7 ፒን ወደቀ።

«ሰባት ብቻ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ድምፁን አልሰሙትም?»

ድምፁን ልብ ይበሉ፤ ከውጤት ሰሌዳው ይልቅ እውነቱን የሚነግርዎ እሱ ነው። ከሌይኑ የሚመጣው ድምፅ ዷ ከሆነ አውራ ጣት ዘግይቷል ወይም ኳሱ ከከፍታ ወድቋል። ጣትዎንም ያንብቡት። ሥጋማው ጎን ከቀላ እየጨበጡ ነው፤ የመገጣጠሚያው ጀርባ ከተፋቀ ቀዳዳው ውስጥ ጣትዎን እያጠፉ ነው። የሚከፈለው አሠልጣኝ ከመምጣቱ በፊት ቆዳዎ ግማሹን ነግሮዎታል።

ልክን በተመለከተ አቋሜን ሳልሸሽግ ልናገር፤ ለዚህ ጨዋታ ገንዘብ ለማውጣት ያሰበ ሰው የመጀመሪያውን ብር ለቀዳዳው ያውጣ። አንጸባራቂ ኳስ፣ የእጅ አንጓ መደገፊያ፣ ስም ያለበት ሸሚዝ ይቆዩ። ፕሮ ሾፕ የሚሉት ሱቅ ውስጥ እጅዎን ለክተው፣ በአውራ ጣትና በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለውን ርዝመት፣ የቀዳዳውን ስፋትና ዘንበል ማለቱን ጭምር ለእርስዎ አስተካክለው ይበሱልዎታል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጣት በየሰዓቱ አንድ አይደለም። በሙቀት ያብጣል፣ በብርድ ይሸበሸባል፣ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ለዚህ ነው ታላላቆቹ ተጫዋቾች ቦርሳቸው ውስጥ የቴፕ ቁራጭ የማይጠፋው። ሲላላባቸው ቀዳዳው ውስጥ አንድ ይለጥፋሉ፣ ሲጠብቅባቸው አንድ ይልጣሉ። በዓለም ሻምፒዮና ላይ የሚደረግ ነገር ነው፤ እርስዎም ቢያደርጉት ማንም ጀማሪ አይልዎትም።

የጭብጥዎን ልክ ለማግኘት አንድ ቀላል ነገር ይሞክሩ። ምንጣፍ ላይ ቆመው፣ እግርዎን ራቅ አድርገው፣ ኳሱን ከጎንዎ ዝቅ አድርገው ያንጠልጥሉት። ከዚያ ጭብጡን ቀስ በቀስ ያላሉት። ሊያመልጥ ሲል ያቁሙ። ኳሱን ለመያዝ ከምር የሚያስፈልገው ጉልበት ያቺን ታህል ብቻ መሆኗ ይገርምዎታል።

ሁለተኛው ጥፋት የመጀመሪያው ወንድም ነው፤ ክንድን በጡንቻ መንዳት። ማማ ላይ ሆኖ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ሲያሽከረክር አይተው ያውቃሉ? ድንጋዩን እጁ አይገፋውም። ገመዱ በራሱ ክብደት ይዞራል፤ የልጁ ሥራ አንዱን ጫፍ በሰዓቷ መልቀቅ ነው። የቦውሊንግም ክንድ እንዲሁ ከትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ገመድ ነው። ኳሱን ወደ ፊት ገፋ ያድርጉት፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይውሰደው፣ ክብደቱ ይመልሰው። በቁልቁለቱ ላይ ጉልበት የጨመሩ እንደሆነ ትከሻ ይዞራል፣ ክርን ከጎን ይወጣል፣ እጅም የሚለቅባትን ቦታ ያጣታል። ብዙ ሰው በእጁ አለቃቀቅ ላይ ሲደክም ይከርማል፤ ስህተቱ ግን ገና ኳሱ ከጀርባው ሳለ ተጀምሯል።

ሁክ የሚያሳድዱ ወጣቶች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ኳሱ እንዲታጠፍ ብለው እጃቸውን ገና ከላይ ጀምረው ይጠመዝዙታል። መልቀቂያው ላይ ሲደርሱ መዳፋቸው ከኳሱ ጀርባ ተነስቶ አናቱ ላይ ወጥቷል፣ አውራ ጣታቸውም መሬት ያያል። ኳሱ በጣም ሲሾር ይታያል፤ ዓይን ያታልላል። የሚሾረው ግን እንዳለበት ነው፤ ደረቁን ወለል ይዞ የሚታጠፍበት አቅም አልተሰጠውም። አሠልጣኞች የሰዓት ገበታ ያስባሉ፤ ከጀርባዎ ቆሞ ለሚያይዎ ሰው ኳሱ ላይ ገበታ ተለጥፏል እንበል። ሁለቱ ጣቶች ከ6 ቁጥር ላይ ተነስተው እስከ 4 ቢደርሱ ይበቃል። 3ን ካለፉ ተጠምዝዟል። ሲጨርሱ እጅዎ ሰው ሊጨብጥ እንደተዘረጋ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ በኢላማው አቅጣጫ ወደ ትከሻ ይውጣ። ለዚህ ጥፋት የአሜሪካን ፉትቦል ሞላላ ኳስ ጥሩ መድኃኒት ነው። ለጓደኛዎ ከታች ወደ ላይ ይወርውሩለት። እጅዎ ከኋላና ከጎን በትክክል ካለፈ ኳሱ ሳይወላገድ ቀጥ ብሎ እየተሽከረከረ ይሄዳል። ከላይ ከጠመዘዙት በአየር ላይ ሲንገዳገድ ወዲያው ያዩታል። ግቢ ውስጥ፣ በነጻ!

ኳሱን ከመስመሩ በፊት የሚጥሉትን በአጭሩ ልለፋቸው። የፊት ጉልበትዎ ካልታጠፈ እጅዎ ወለሉ ዘንድ አይደርስም። በአራት እርምጃ የሚሄዱ ከሆነ ኳሱን ከመጀመሪያው እርምጃ ጋር አብረው ይግፉት። የሚንሸራተተው ግራ እግር ከኳሱ ጥቂት ቀደም ብሎ መስመሩ አጠገብ ይድረስ። ከለቀቁ በኋላ እንደቆሙ መቆየት ከቻሉ ሰዓቱ ሠርቷል።

«እኔ ግን አርጅቻለሁ፣ እጄ ለምዶታል» የሚል ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል። ኤርል አንቶኒ የሚባለው አሜሪካዊ ግራኝ ቦውሊንግን የጀመረው በ21 ዓመቱ ነው፤ ጓደኞቹ በልጅነታቸው የተማሩትን እሱ ጎልማሳ ሆኖ ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1975 ግን በአንድ የውድድር ዘመን ከ100,000 ዶላር በላይ ያገኘ የመጀመሪያው ባለሙያ ሆነ፤ በሕይወት ዘመኑም ከ40 በላይ የፕሮፌሽናል ዋንጫ ወስዷል። የሚታወሰው በኃይሉ አይደለም። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት በሆነው ልስልስ አለቃቀቁ ነው። ዋልተር ሬይ ዊልያምስ ጁኒየርን ደግሞ ይመልከቱ። 47 የፕሮፌሽናል ዋንጫ ያለው ይህ ሰው የፈረስ ጫማ ብረት ወርውሮ ዘንግ ላይ በማሳረፍም የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ሁለቱም ጨዋታዎች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ክንድን ከታች አወዛውዞ በሰዓቱ መልቀቅ።

ከዚያ ጄሰን ቤልሞንቴ አለ፤ አውስትራሊያ ውስጥ ኦሬንጅ ከምትባል ከተማ። ወላጆቹ የቦውሊንግ አዳራሽ ነበራቸው፤ ገና ድክ ድክ ሲል ኳሱ ስለከበደው በሁለት እጁ ይገፋው ነበር። አድጎም አልተወውም። እንደ ወጉ አንድ እጅ ተጠቀም ያሉት ብዙ ናቸው። እሱ ግን አውራ ጣቱን ቀዳዳ ውስጥ ሳይከት፣ በሁለት እጁ እየወረወረ ከዘመኑ ታላላቅ ሻምፒዮኖች አንዱ ሆነ፤ ዛሬ ያንን የሚከተለው ወጣት ብዙ ነው። ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው የኔም ጉድለት ስልት ነው» እንዳይሉ። መለያው ቀላል ነው። የቤልሞንቴ አወራወር በየዙሩ ይደገማል፤ ለኳሱም ያንኑ ሽክርክሪት፣ ያንኑ መንገድ ይሰጠዋል። የእርስዎ በአንድ ዙር ግራ፣ በሌላው ቀኝ የሚወስድዎ ከሆነ፣ ጣትዎንም የሚያቆስል ከሆነ ስልት አይደለም። አውራ ጣቱ በማንኛውም ልክ አልሆን ብሎ ያስቸገረው ሰው ካለ ግን የሁለት እጁን መንገድ ቢሞክር በበኩሌ አልቃወምም።

ልምምዱን እንዴት ያድርጉ? በውድድር ምሽት አያርሙ። ሐሙስ ማታ ባልደረቦችዎ እየጮኹ፣ ሰሌዳው እየቆጠረ፣ አዲስ ነገር የሚማር እጅ የለም። በእረፍት ቀንዎ ማለዳ፣ አዳራሹ ጭር ሲል ይሂዱና የእግር ጉዞውን ይተዉት። መስመሩ አጠገብ ግራ እግርዎን አስቀድመው ይቁሙ፤ ወይም ጉልበትዎ ከፈቀደ በቀኝ ጉልበትዎ ይንበርከኩ። ክንድዎን አወዛውዘው ይልቀቁ። ፒን መምታት የዛሬ ሥራዎ አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንድ አዳራሽ ከጠየቋቸው ያለ ፒን ያስወረውሩዎታል። ዓይንዎ ከመስመሩ 15 ፊት ያህል ራቅ ብለው ከተሣሉት 7 ቀስቶች በአንዱ ላይ ይረፍ። አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ። ዛሬ የአውራ ጣት ቀን ከሆነ ስለ ጉልበት አያስቡ። ስልክዎን ለጓደኛ ሰጥተው ከኋላና ከጎን በዝግታ ያስቀርጹ። እጅዎ እያደረገ ነው ብለው የሚያስቡትና የሚያደርገው ምን ያህል እንደሚራራቁ ማየት ሳቅም ትምህርትም ነው።

አሁን ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥባት ቦታ ላይ ደረስን፤ አስቀድሜ ላስጠንቅቅዎ። አለቃቀቅዎ ሲስተካከል ውጤትዎ ለጥቂት ሳምንታት ይወርዳል። እጅዎ አልከሸፈም። ድሮ ኳሱን ወደ ግራ ይጎትቱት ስለነበር ሳያውቁት መካካሻ ሠርተውለታል፤ የሚቆሙበትን ቦታ አዛውረዋል፣ ኢላማዎን ወደ ቀኝ ገፍተዋል። ጥፋቱ ሲወጣ መካካሻው ብቻውን ይቀርና ኳሱ በማያውቁት በኩል ይስታል። ሰው በዚህን ጊዜ ደንግጦ ወደ አሮጌው ጭብጥ ይመለሳል፤ ያቺ የድሮዋ 120 ነጥብ እንኳ ትናፍቀዋለች። አይመለሱ! ድምፁ ልክ ከሆነ፣ ጣትዎ ካልቀላ፣ ኳሱ በየዙሩ በአንድ ቦታ እየሳተ ከሆነ ሥራው ተሠርቷል። ባንድ ቦታ መሳት እንኳ የማያውቅ ሰው ሁልጊዜ አንድ ቦታ መሳት ጀመረ ማለት ነው፤ በእኔ ቤት ይህ ያስጨበጭባል። የቀረው እግርን ማዛወር ብቻ ነው። ኳሱ ወደ ግራ ከሳተ የሚቆሙበትን ቦታ በሁለት ጣውላ ወደ ግራ ያሽሹ፤ ወደ ቀኝ ከሳተ ወደ ቀኝ። ኢላማዎ ያው ቀስት ይሁን። እጅዎን ግን አይንኩት።